የገና ማዕዳችን ዕድሜው ስንት ነው?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ተማሪዎቼ የነበራችሁና አሁን በየአገሩ የተበተናችሁ፣ ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው፤ ግን ፎቶ ስለሌለው ዳታ አይበላም። ቡና ያለው ቡናውን ይያዝና ቁጭ ይበል።

መጀመሪያ አንዲት ቃል እናጥራ። ሰሞኑን በረዶ ላይ ቆማችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ እየለጠፋችሁ «መልካም የክረምት በዓል» የምትሉ አላችሁ። እናንተ ጋ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የትምህርት ቤት መዘጋት ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር በጋ የሚገባው ታኅሣሥ 26 ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው የሚውለው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ በ28። ጥምቀት ጥር 11። ስለዚህ ሁለቱም በዓላት የሚመጡት በጋው ገና ሲጀምር ነው፤ እህሉ ታጭዷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሌሊቱ ግን ብርድ ነው፤ ደጋ ያደገ ሰው የጥርን ውርጭ ያውቀዋል። ይህን ያነሳሁት ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ገናና ጥምቀት ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚውልባቸው በዓላት የሆኑት በሃይማኖቱ ምክንያት ብቻ ሳይሆን በወቅቱም ጭምር ነው። በሐምሌ ጃንሜዳ ላይ ውሎ ማደር እስቲ አስቡት!

አሁን ወደ ጉዳዬ። በታኅሣሥ ወር 9ኛ ክፍል ገብቼ ስለ በዓል አከባበር እያወራን ነው። አንዱ ጎበዝ ተማሪዬ ተነሳና «ቲቸር፣ ያለ ዶሮ ወጥ እኮ የኢትዮጵያ ገና የለም፤ ባህላችን ነው» አለ። ክፍሉ ተስማማ። ከኋላ አንዷ ልጅ፣ ብዙም የማታወራ፣ እጇን ሳታወጣ «እኛ ቤት ዘንድሮ ድንች ወጥ ነው የሚሠራው። ታዲያ የእኛ የማን ባህል ነው?» አለች። ጥቂቶች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። የዶሮን ዋጋ የምታውቁ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ያን ቀን የያዝኩትን ትምህርት ተውኩና ሰሌዳው ላይ የገናን ማዕድ ጻፍን። ከዚያ እያንዳንዱ ነገር አገራችን የገባበትን ዘመን መፈለግ ጀመርን። ለእናንተም ልድገመው።

ዶሮዋ አንጋፋ ናት። የዱር ዘመዶቿ ያሉት ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ወደ እኛ በንግድ መጥታ ምሥራቃዊ ትግራይ ውስጥ መዝብር በሚባል ሥፍራ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ ይደርሳል። ልብ በሉ፤ የአክሱም መንግሥት ከመቋቋሙ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ክርስትናም ገናም ሳይኖር ማለት ነው።

ወጡ ግን? ወጡን ወጥ ያሰኘው ቅላቱ አይደል? ቅላቱ የበርበሬ ነው። የበርበሬ አገሩ አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ከአሜሪካ ውጭ አንድም ሰው አልቀመሰውም። ከዚያ በኋላ ነው በስፔንና በፖርቱጋል መርከቦች ወደ ሕንድና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች የተሻገረው። ስለዚህ ቅዱስ ላሊበላ ቀይ ወጥ አልበላም። ዓምደ ጽዮንም አልበላም። ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1468 ሲያርፍ ኮሎምበስ አትላንቲክን ሊሻገር ገና 24 ዓመት ይቀረው ነበር። እነዚህ ሁሉ ነገሥታት ግብር ሲያበሉ የምግቡ ማቃጠያ ሌላ ነበር፤ ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ኮረሪማና ጥምዝ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የሚመጣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል። ይህን ስናገር ክፍሉ ውስጥ ጫጫታ ተነሳ። አንዱማ «ቲቸር፣ ላሊበላ አልጫ ነበር የሚበላው ማለት ነው?» ብሎ አሳቀን። መቼም ጥያቄው ጥሩ ነው። አሁንም ያስቀኛል።

ወደ ድንቹ እንምጣ። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1858፣ የዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን። ሰውዬው በ1837 መጥቶ በሰሜኑ ክፍል ሲኖር አርጅቶ በ1878 አድዋ የሞተ ነው። የድንች የትውልድ አገር ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ የዶሮ ወጡ በርበሬና የድንች ወጡ ድንች የአንድ አህጉር ልጆች ናቸው። አንዱ ቀድሞ ደረሰ፣ ሌላው ዘገየ፤ ልዩነታቸው በታሪክ ዓይን ይኸው ነው። የልጅቷም ድስት የልጁም ድስት የቀላው በዚያው በርበሬ ነው። ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር ፈገግታ አየሁ። ለአስተማሪ ከዚህ በላይ ደመወዝ የለም (ደመወዙም ብዙ ስላልሆነ)።

ዝርዝሩ ቀጠለ። ፈንዲሻ? በቆሎ ነው፤ እሱም የአሜሪካ ነው። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ዋናው አንጋፋ ቆሎ የገብሱ ነው። ቡናው ራሱ የእኛ ነው፤ በእሱ ክርክር የለም። ግን የደጋው ክርስቲያን «የሙስሊም መጠጥ ነው» ብሎ ለረጅም ዘመን ርቆት ኖሯል። ነገሩ እየላላ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። ከገና ምሳ በኋላ ሦስት ዙር ቡና መጠጣት ለብዙ የደጋ ቤተሰብ ከአራትና ከአምስት ትውልድ ያልበለጠ ልማድ ነው ማለት ነው። ስኳሩማ የትናንት ነው። የወንጂ ፋብሪካ ከሆላንዶች ኩባንያ ጋር ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስኳር ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር፤ ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፣ ሸንኮራም ነበር።

በነገራችን ላይ የእውነት ጥንታዊ የሆኑት ነገሮች ማንም የማያነሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ማዕዱን ሲዘረዝሩ እንጀራን የጠራ አልነበረም! እንጀራ ምግብ ሳይሆን አየር መስሏቸው መሰለኝ። ጤፍን ከዱር አምጥቶ ያለመደው የዚህ ምድር ገበሬ ነው፤ ኑጉንም እንዲሁ። ድፎ ዳቦው የሚጋገርበት ኮባ ከእንሰት ነው፤ እንሰትን በዓለም ላይ ያለመደ ሌላ ሕዝብ የለም። የአክሱም ነገሥታት ወርቅ ሳንቲም ሲያስቀርጹ ምስላቸውን ግራና ቀኝ ያጀቡት በእህል ዛላ ነው፤ በሰይፍ ወይም በአንበሳ ማጀብ ይችሉ ነበር እኮ። ጠጅን ካነሳን ደግሞ ስትራቦ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በቀይ ባሕር ዳርቻ ስለሚኖሩ ሰዎች ሲጽፍ አለቆቻቸው ማርና ውሃ በጥብጠው እንደሚጠጡ ይናገራል። እንግዲህ እንጀራ፣ ዳቦና የማር መጠጥ። ቀሪው በየዘመኑ የተጨመረ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያጣፍጠው ደግሞ ጾሙ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይቀምሱ ቆይተው ከቅዳሴ መልስ በሌሊት ሲገድፉ የትኛውም ወጥ ይጣፍጣል። ድንችም ቢሆን፣ ቅቤ ጠብ ካለበት።

አሁን ከቤት እንውጣ። የገና ጨዋታን በቲቪ ብቻ የምታውቁት ትበዛላችሁ። ቆልማማ ዱላና እሩር ይዞ፣ የተጫዋች ቁጥር ሳይወሰን፣ መንደር ከመንደር የሚጋፋበት ጨዋታ ነው። ሜዳው ያው እህሉ የተነሳለት ማሳና የግጦሽ መሬት ነው፤ ለዚህ ነው የበጋ መግቢያ ጨዋታ የሆነው። በዚያ ቀን ጌታው ቢመታ እንኳ መቆጣት እንደማይችል ምሳሌያችን ራሱ ይነግረናል። በዓመት አንድ ቀን አሽከርና ጌታ በእኩል የሚጋፉበት ሜዳ መኖሩ ለታሪክ አጥኚ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለቀሩት 364 ቀናት ብዙ ይናገራል።

የጥምቀትን ውሎ በተመለከተ አንድ የዓይን ምስክር አለን። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት ቆይቷል፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። በ1521 በዓፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የዋለውን ጥምቀት ሲተርክ፣ መሬት ተቆፍሮ በሣንቃ የተለበጠና በሰም በተነከረ ጨርቅ የተሸፈነ ገንዳ፣ በቦይ የሚገባ ውሃ፣ በመጋረጃ የተከለለ ንጉሥ እናያለን። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ራቁታቸውን እስከ ትከሻቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ሕዝቡን የሚያጠምቁት ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ውርጭ ስለነበር በብርድ ሊሞቱ ደርሰዋል ይላል። ንጉሡ አስተያየቱን ሲጠይቁት አልቫሬዝ ጥምቀት አንዴ እንጂ በየዓመቱ አይደገምም ብሎ ተከራከረ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በዓሉን የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ አድርጋ እንጂ ዳግም ጥምቀት አድርጋ አታየውም። ጎንደሮች በፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘለው ሲገቡ ያየ ሰው ግን የዚያን ጊዜውን ብርድ በደንብ ይገምታል። ያው የጥር ጠዋት ነው፣ ያው ውርጭ።

ከጸሎቱ ጎን ያለው ሌላው ጥምቀት የወጣቱ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ሎሚ ተወረወረ፣ ደረት ላይ አረፈ፣ ሽማግሌ ተላከ፤ ስንት ትዳር በዚህ ተጀምሯል። ሎሚው ራሱ የእስያ ተክል ነው፤ እንግድነቱን ግን ማንም አያነሳበትም፣ ምክንያቱም ሥራ አግኝቷል። ዛሬ ሎሚው በፕላስቲክ ከረጢት ይሸጣል፣ ሸንኮራው በአገዳ ይከመራል፣ ብርቱካን፣ ቆሎ፣ ፊኛ፣ «ፎቶ ልንሣ» የሚል ልጅ። እኔ ዘመኔን ሁሉ ጥምቀትን የማስታውሰው በሸንኮራ ልጣጭ በተሸፈነ መንገድ ነው።

የገና ዛፍን ሳላነሳ ብጨርስ ትቀየሙኛላችሁ፤ በየዓመቱ የሚያጣላችሁ እሱ ነውና። ልማዱ የጀርመኖች ነው። ዓለም ላይ የናኘው እ.ኤ.አ. በ1848 የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተሰብ በዛፉ ዙሪያ ቆሞ የሚታይበት ሥዕል የለንደን ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በእኛ ከተሞች ጥጥ እየተበጠሰ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ አይተው የማያውቁ ልጆች በጥጥ ይሠሩታል፣ እኔ ደስ ይለኛል። «ባዕድ ነው» የምትሉ በርበሬውንም አብራችሁ አውጡልኝ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ የሚቆረጠው የሐበሻ ጥድ ነው፣ እሱ ደግሞ ለማደግ ስንት ዓመት ይፈጅበታል። ለአንድ ሳምንት ጥጥ ተሸክሞ እንዲጣል አይቆረጥ። ፕላስቲኩ ይሻላል፣ ወይም ቅርንጫፍ ብቻ።

ዋጋ በናረበት ዘመን ያልተረታው ግን ቅርጫ ነው። አንዱ ብቻውን በሬ መግዛት አይችልም፤ አሥር ቤት ሲሆን ይችላል። እኛም መምህራን በየገናው እናዋጣለን፤ መደቡ እኩል እስኪሆን ይታያል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ሒሳብ መምህሩ ሁሌም ጥሩውን ያገኛል (ለምን እንደሆነ እንጃ)። ዘንድሮ መደቡን አሳነስነውና ቁጥሩን አበዛነው፤ ጥበቃውና ጽዳቷም ገቡበት። ለዶሮ ያልበቃ ብር ለግማሽ መደብ ይበቃል።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ለበዓሉ ቤታችሁ የሚሰበሰቡ አያቶች፣ አክስቶች፣ አጎቶች ይኖራሉ። ልጅ ሳሉ ገና ላይ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ስኳር ወይም ድንች መጀመሪያ የቀመሱት መቼና የት እንደሆነ ጠይቋቸው። የሰፈሩን ስምና በግምት ዓመተ ምህረቱን ከታች ጻፉልኝ። ውጭ ያላችሁም ደውሉና ጠይቁ፤ ለእናንተ ገና የሥራ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማታም ቢሆን ይሆናል። የተሰበሰበውን ከጥምቀት በኋላ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን።

መልካም ገና፣ መልካም ከተራ።