አስናቀች ወርቁ፤ ባለ ክራሯ ተዋናይት

አስናቀች ወርቁ በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ፣ በክራር ደርዳሪነቷና በድምፃዊነቷም አቻ ያልተገኘላት ባለሙያ ናት። በ1927 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደች፤ መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፈች። ወዳጆቿና አድናቂዎቿ አሳጥረው «አስኒ» ይሏታል።

አስናቀች የቆመችበት መድረክ ከእርሷ በፊት የወንዶች ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት መነሣት ይገባል፤ በኢትዮጵያ የድምፅና የቃል ጥበብ ከጥንት ጀምሮ በዚያ ትምህርት ቤት፣ መምህርና ምስክርነት ነበረው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተባለው የዜማ መጽሐፍ ይመሰከራል፤ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለው የዜማ ትምህርት ይመሰከራል፤ በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ቅኔ ይዘረፋል። የቤተ ልሔም ተማሪ ድጓውን በእጁ ጽፎ፣ ዜማውን በየምልክቱ አጥንቶ፣ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ እስኪያስመሰክር ድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ድምፅን መግራት፣ ቃልን ሳያዛንፉ በቃል መያዝ፣ በሕዝብ ፊት ሳይሸበሩ መቆም ሁሉ የሚለመደው በዚያ ነበር። ዘመናዊው ቴአትር ሲጀመር ደራሲዎቹ ከዚሁ ቤት መምጣታቸው የሚያስገርም አይደለም። ከእነርሱ አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም ደብረ ኤልያስ የቅኔ ሰው ነበር።

ይህ በር ለሴት ልጅ ተዘግቶ የኖረ ነው ማለት ይቻላል። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የቅኔ መምህርት መነሣታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሳቸውም በብርቅነታቸው የሚጠሩ ናቸው። ሴቷ ጥበቧን የምታሳየው በሠርግ ዘፈን፣ በእሹሩሩና በለቅሶ ቤት ሙሾ ነበር። እንጀራዋን በዘፈን ላድርግ ካለች ያላት ቦታ የአዝማሪ ቤት ነው፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ስድብ ይሰነዘር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተውኔቶች በየትምህርት ቤቱ ሲታዩ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ፣ ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ልጆች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር በኋላ የቴአትር ቤትነት ሥራውን ሲያሰፋ ሴቶች በድምፃዊነትና በተወዛዋዥነት ብቅ ማለት ጀመሩ። ቢሆንም ቤተ ዘመድ ልጁን ለመድረክ ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበረም። መድረክ ላይ የወጣች ሴት ከመሸታ ቤት ሴት ጋር ትቆጠር ነበርና፣ አዘጋጆች ሴት ተዋናይ ፍለጋ ብዙ ደክመዋል።

አስናቀች ወደ ሙያው የገባችው ይህ ሁሉ ሐሜት ባለበት ጊዜ ነው። ተዋናይ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ከፊቷ ሆና አካሄዱን የምታሳያት ሴት ተዋናይም አልነበረችም ለማለት ይቻላል። እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚታይ፣ ለኋለኛው ወንበር ተመልካች ድምፅ እንዴት እንደሚደርስ በሥራ ላይ እየተማረች ነበር። ዛሬ ሴት ተዋናይ ማየት የለመደ ሰው ይህን ድፍረት በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ስምን ለሕዝብ አፍ አሳልፎ መስጠት ነበር።

ስሟ የገነነው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። ሕንፃው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን «ማርኮኒ» ብለው ለሲኒማ የጀመሩት ሲሆን፣ ተሻሽሎና ሰፍቶ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር ነው። ፊት ለፊቱ የቆመው ትልቁ የድንጋይ አንበሳም የዚያው በዓል ሥራ ነው፤ የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። ለመክፈቻ የታየው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የዳዊትን፣ የኦርዮንንና የቤርሳቤህን ታሪክ የያዘ ተውኔት ሴት ከሌለችበት ጉልበት አይኖረውም፤ አዲሱ ቴአትር ቤት በሴት ልብስ በተሸፈነ ወንድ ሊቀጥል የማይችልበት ዘመን መጥቶ ነበር። ቤቱ የራሱ ተዋንያን፣ የባህል ሙዚቃ ቡድንና በምዕራባዊ መሣሪያ የሚጫወት ኦርኬስትራ ነበረው። ከሙዚቃ መሪዎቹ መካከል ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከርና አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ይገኙበታል። የመድረኩ ስፋት፣ መብራቱና መጋረጃው ለአገሩ አዲስ ነበር። በዚህ መድረክ ላይ አስናቀች በትወናም በዘፈንም የምትታይ ሆነች፤ መልኳ፣ አለባበሷና አነጋገሯ የከተማው ወሬ ነበር።

የእርሷ ልዩነት ግን ክራሩን ሳይዙ አይነገርም። ክራር በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ሁለት ቋሚ እንጨቶች፣ ከላይ የሚያጋጥማቸው አግዳሚና ስድስት ክሮች አሉት። ክሩ ጥንት ጅማት ነበር፤ በኋላ ናይሎን ሆነ። አምስቱ ክሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው አንዱን በላይኛው እርከን ይደግማል። ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር መቃኛውን እያዞረ ክሮቹን እንደገና ማስማማት አለበት። አጨዋወቱም ሁለት ዓይነት ነው። ሲገረፍ አንደኛው እጅ ክሮቹን በአንድነት ይመታል፤ የሌላው እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ጫን አድርገው ዝም ያሰኛሉ። ሲደረደር ግን እያንዳንዱ ጣት የየራሱን ክር ይነካል። ይህን እያደረጉ መዝፈን፣ እየዘፈኑም የተመልካቹን ዓይን ይዞ መቆየት ቀላል ሙያ አይደለም። በተቀረጹት ዘፈኖቿ ውስጥ ክራሩ ከድምፅዋ ሥር ሥር ይሄዳል፤ ስንኙ ሲያልቅ ደግሞ ቀድሞ ወጥቶ ይመልስላታል። አስናቀች የምትዘፍነው እንደ ተዋናይት ነው፤ ቃሉን ታስረዝማለች፣ ትቆርጣለች፣ አንዳንዴም ዜማውን ትታ በንግግር ታልፈዋለች።

ክራርም እንደ ሴት ተዋናይ ሁሉ የሚታማ መሣሪያ ነበር። በገና ለምስጋናና ለጸሎት፣ ክራር ለዘፈንና ለመሸታ የሚል ልማድ አለ። መሣሪያውም በአብዛኛው የወንድ ነበር። ክራር ታቅፋ ስለ ፍቅር በግልጽ የምትዘፍን፣ ደምቃና ተውባ የምትታይ ሴት ሁለት ሐሜት በአንድ ጊዜ ተሸክማለች። አስናቀች አላፈረችበትም፤ የኋለኞቹ ሴት አርቲስቶች ሙያቸውን በሙሉ አፋቸው የሚጠሩት ያ ሸክም በእርሷ ትውልድ ጫንቃ ላይ ስላለፈ ነው።

በሌላው ዓለም የእርሷ ዘመን ተዋናይት የምትታወሰው በፊልም ነው። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1935 ስቱዲዮ ምስርን ከፍታ ስለነበር ተዋናይቷ ፋተን ሐማማ ከልጅነቷ ጀምሮ በካሜራ ፊት አደገች፤ እርጅናዋ ሲመጣም ወጣትነቷ በፊልሞቿ ውስጥ አለ። በኢትዮጵያ ፊልም ማየት የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ቀደምት ማሳያዎች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎታል። ፊልም መሥራት ግን ዘግይቶ መጣ። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለሕዝብ የቀረበው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ኢላላ ኢብሳ፣ አዘጋጁ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ፣ ሂሩትን ሆና የተጫወተችው አበበች እጅጉ ናት። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። ቀጥሎ የመጣው ታዋቂ ፊልም የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል አሥር ዓመት ገደማ አለ። አስናቀች የደመቀችባቸው ዓመታት በአብዛኛው ከካሜራ ውጭ አለፉ። የአንድ ምሽት ትርኢት መጋረጃው ሲዘጋ ያበቃል፤ የቀረው ተመልካቹ የሚያስታውሰው ብቻ ነው። በፊልም ልትታወስ የሚገባት ተዋናይት በአብዛኛው በድምፅ ብቻ መቅረቷ የአገሪቱ ጥበብ ትልቅ ጉዳት ነው።

ድምፅዋን ያተረፈው ሸክላው ነው። በ1960ዎቹ የግል ሸክላ አሳታሚዎች ሲነሡ ከኦርጋንና ከጊታር ዘፈኖች ጎን የክራር ዘፈንም ገበያ አገኘ፤ የአስናቀች ሥራዎችም ተቀረጹ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ ግን የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ ለረጅም ዓመታት አቀዘቀዘው። ቴአትር ቤቶች አልተዘጉም፤ ተውኔቱ ግን የአብዮቱን ቋንቋ መናገር ነበረበት። የፍቅር ዘፈን በክራር የምትጫወት ሴት ለዚያ ዘመን አመቺ አልነበረችም።

በውጭው ዓለም ስሟ እንደገና የተነሣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለዓለም ባቀረበበት «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እትም ውስጥ 16ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ የተሰጠው ርእስ «ባለ ክራሯ እመቤት» የሚል ፍቺ አለው። ከዚያም ራሔል ሳሙኤል የሕይወት ታሪኳን «አስኒ» በተሰኘ ጥናታዊ ፊልም ሠራችው። ፊልሙ የተጠናቀቀው አስናቀች ካረፈች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ወጣት ሳለች ያልቀረጻት ካሜራ በሸመገለችበት ጊዜ ደረሰላት፤ ታሪኳን በራሷ አንደበት ስትናገር መስማት የቻልነውም በዚህ ሥራ ነው። አዘጋጇ ጥቂት ዓመት ብትዘገይ ኖሮ ያም ባልኖረ ነበር።

የዚያ ዘመን ሌሎች ተዋንያንና ተወዛዋዦች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም። የትርኢት ማስታወቂያ ወረቀቶች፣ የመድረክ ፎቶግራፎች፣ በሪል ክር የተቀዱ ድምፆች በየቤቱ ሣጥንና ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ሲያልፉ አብረው ይጣላሉ። በቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር ቅጂውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም ለብሔራዊ ቴአትር ቢያደርስ፣ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስምና ዘመን በጀርባው ቢጽፍበት፣ ስለ አስናቀችና ስለ ጓደኞቿ የሚጻፈው ታሪክ ከዚህ የተሻለ ይሆናል።