ኦሊዮ የማያንጠባጥብ ሞተር አትመኑ

ሞተር የሚወዱ ሰዎች ሲሰበሰቡ የማትቀር አንዲት ቀልድ አለች። ስለ ድሮ ራዲያል የአውሮፕላን ሞተር ነች፦ «ኦሊዮ እያንጠባጠበ ነው?» «አዎ።» «ተመስገን፣ ገና አላለቀም ማለት ነው!»

እኔም እስቅ ነበር። ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ የሲ-47ን ታሪክ ሳነብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ አውሮፕላን ነው። በየክንፉ የተገጠመው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር 14 ሲሊንደሮች አሉት፤ በሁለት ረድፍ፣ እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩ። ታዲያ የታችኞቹ ወደ መሬት የተዘቀዘቁ ናቸው። ሞተሩ ሲቆም ኦሊዮው ቀስ እያለ በፒስተኑ ቀለበት አልፎ እነሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ጥቂቱ በጭስ ማውጫው ወጥቶ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚሳቅበት ይሄኛው ነው።

የሚያስፈራው ግን የማይታየው፣ ውስጥ የቀረው ነው። ኦሊዮ እንደ አየር አይታመቅም እኮ። ሞተሩ ዝም ብሎ ቢነሳ ፒስተኑ ኦሊዮው ላይ ይጋጭና ቢዬላው ይጣመማል፤ የተጣመመው ደግሞ ኋላ አየር ላይ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መካኒኮች ከማስነሳታቸው በፊት ፕሮፔለሩን በእጃቸው ያዞሩታል። እምቢ ካለ አያስገድዱትም፤ የታችኛውን ካንዴላ ፈትተው ኦሊዮውን ያፈሱታል።

አሁንም ቀልዷን ስሰማ እስቃለሁ። ግን ከጠብታዋ ይልቅ ፕሮፔለሩን ቀስ አድርጎ የሚያዞረው እጅ ነው የሚታየኝ።