የአስከሬን ምርመራና የመንገዱ ወጪ

ደብረ ዘይት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዛሬ ቢሾፍቱ የምትባለውን የሐይቆች ከተማ ነው። የመተከሉ የወምበራ ወረዳ ዋና ከተማም ግን ስሟ ደብረ ዘይት ነው። በወምበራ ገጠር አንድ ሰው በሰው እጅ ወይም ባልታወቀ ምክንያት ሞቶ ሲገኝ፥ ከለቅሶው ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ ይኸውም አስከሬኑን ወደ መርማሪው ሐኪም የሚያደርሰው ማን ነው፥ የመኪናውን ኪራይስ የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ይህ ጥያቄ አልነበረም። ምርመራው ወደ ሟቹ ይሄዳል እንጂ ሟቹ ወደ ምርመራው አይሄድም ነበር። ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ያገሩ ሰው ለአውጫጭኝ፥ በሌላ ስሙ ለአፈርሳታ ይሰበሰባል፤ ሥራውን ፈትቶ፥ ስንቁን ይዞ ይቀመጣል፤ የቀረም ይቀጣል። በደለኛው ካልተገኘ ዕዳው በነዋሪው ላይ ይወድቅ ነበር። ንጹሑን ከወንጀለኛው ጋር የሚያጉላላ ሥርዓት ስለ ነበረ የሚናፈቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የምርመራውን ወጪ ለአንድ ጎጆ ብቻ ጥሎ አይሄድም ነበር።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጠ። የሕጉን የመጨረሻ ረቂቅ ያዘጋጁት ሰር ቻርልስ ማቲው ቀድሞ የማላያ ዋና ዳኛ ነበሩ። በማላያው ሕግ ስለ አሟሟት ምርመራ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረ፤ ወደ ኢትዮጵያው ሕግ ግን አልተሻገረም። አንቀጽ 34 ሐኪም የተከሳሹን አካል እንዲመረምር ፖሊስ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል፤ ስለ ሟች መጓጓዣ የተለየ ምዕራፍ ግን የለም። በእንግሊዝ አገር ኮሮነር የሚባለው ሹም አስከሬን ሲያዛውር ወጪውን የሚሸፍነው የአካባቢው አስተዳደር ነው። እንዲህ ያለ ሹም ባልተሾመበት አገር የወጪው ባለቤትም ሳይሰየም ቀረ።

ክፍተቱ የከበደው ስለ ርቀቱ ነው። ለረጅም ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ አስከሬን ለሕግ ምርመራ የሚላከው አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከወምበራ ደብረ ዘይት ተነሥቶ በግልገል በለስ፥ በቻግኒና በእንጅባራ አድርጎ፥ ደብረ ማርቆስን አልፎ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ለመድረስ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፖሊስ አጃቢ ሊሰጥ ይችላል፤ ነዳጁና ኪራዩ ግን ብዙውን ጊዜ በቤተ ዘመድ ላይ ይወድቃል። የእድር መዋጮም ቢሆን የታሰበው ለቀብር እንጂ ለምርመራ አይደለም።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አስከሬን ሳይበላሽ የሚቆየው ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀዘቅዝ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለው ጭነት መኪና፥ በዓባይ በረሃ ሙቀት የሚጓዝ ሟች ከሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ማስረጃው በከፊል ጠፍቷል። ስለዚህ ኪራዩን የሚከፍለው ሰው አቅም የምርመራውን ጥራትም ይወስናል። መክፈል ያልቻለው ደግሞ በዚያው ይቀብራል፤ የሟቹም ነገር በምስክሮች ቃል ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። የቀብሩን መዘግየት የማይወደው የአገሩ ልማድም ወደዚያው ይገፋዋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በሌላይቱ ደብረ ዘይት፥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያ ጊዜ ግን ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ መርማሪው መንግሥት የሟቾቹ የበረራ ሠራተኞች አስከሬን እንዲመረመር እንዲያደርግ ያዝዛል፤ የ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት ደግሞ አየር መንገዶች በቂ መድን እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ከፍርስራሹ የተለቀመው ቅሪት በዘር ቅንጣት ምርመራ እየተለየ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ለየቤተ ሰቡ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላከ። ከወምበራ በተከራዩት መኪና ሟቻቸውን ይዘው ለሚወጡት ቤተ ዘመዶች እንዲህ ያለ አባሪ አልተጻፈላቸውም።