የትምህርት ቤት ደረጃ ምን ይነግረናል? የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አመዛዘንና የተማሪዎች ስብጥር

በወላይታ ሶዶ ከተማም ሆነ በዞኑ የገጠር ቀበሌያት ልጁን በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ በስብሰባ ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ ሪፖርት ይሰማል። «ደረጃችን 2 ነው»፣ «ከተፈተኑት ይህን ያህል በመቶ አልፈዋል» ይባላል። ቁጥሩ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ግን ብዙ ጊዜ አይብራራም። የሪፖርቱን ትርጉም መረዳት ለልጁ ዕድል ለሚያስብ ቤተሰብ ጠቃሚ ነው።

የኢንስፔክሽን ደረጃ

ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ። ስታንዳርዶቹ በሦስት ይከፈላሉ። ግብዓት 25 ከመቶ ይይዛል፤ የመማሪያ ክፍል፣ መጻሕፍት፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና የመምህራን ብቃት ይታዩበታል። ሂደት 35 ከመቶ ሲሆን የመማር ማስተማሩን ሥራ፣ የአመራሩን ብቃትና የወላጆችን ተሳትፎ ይመለከታል። ውጤት ደግሞ 40 ከመቶ ይዞ የተማሪዎችን የትምህርት ውጤትና የውስጥ ብቃት ይለካል።

ከ50 ከመቶ በታች ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ከመቶ ያገኘ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያገኘ ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ግብዓትና ሂደት በአንድነት 60 ከመቶ ስለሚይዙ ሕንፃው ያማረና ሰነዱ የተሟላ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹ ውጤት ደካማ ቢሆንም ደረጃ 2 ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ጠቅላላውን ደረጃ ብቻ ሳይሆን የሦስቱን ክፍሎች ነጥብ ለየብቻ መጠየቅ ይኖርበታል።

ተማሪዎቹ እነማን ናቸው?

ውጤት ያለ ተማሪዎች ስብጥር አይነበብም። በኢትዮጵያ የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ነው። ጥቅል ተሳትፎ የሚባለው ስሌት ዕድሜያቸው ያለፈና ያልደረሰ ተማሪዎችን ሁሉ ይቆጥራል፤ ንጥር ተሳትፎ ግን በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ያሉትን ብቻ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ዘግይተው የገቡ ወይም ክፍል የደገሙ ልጆች ብዙ ናቸው ማለት ነው። የጾታ ምጥጥን ደግሞ የሴቶችን ተሳትፎ ለወንዶች ተሳትፎ በማካፈል ይገኛል፤ ወደ 1 ሲጠጋ እኩልነትን ያመለክታል።

ወላይታ ከአገሪቱ የገጠር አካባቢዎች ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አንዷ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የመሬት ይዞታው ጠባብ በመሆኑ የቤተሰብ ጓዳ በሚሳሳባቸው ወራት ልጆች ከክፍል ይቀራሉ፤ ወንዶች ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳሉ፤ ሴቶች ልጆች በቤት ሥራ፣ በውኃ መቅዳትና በገበያ ይያዛሉ። እንዲህ ያለ ሸክም ያለባቸውን ተማሪዎች የያዘ የገጠር ትምህርት ቤት በከተማ መሐል ካለ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ቁጥር ብቻ ቢነጻጸር ፍርዱ ሚዛናዊ አይሆንም።

የማለፊያ መቶኛ የሚደብቀው

ለምሳሌ ሁለት ትምህርት ቤቶችን እናስብ። ሁለቱም በአንደኛ ክፍል 100 ልጆች ተቀበሉ። በመጀመሪያው 40 ልጆች ብቻ ለ6ኛ ክፍል ፈተና ደርሰው 36ቱ አለፉ፤ መቶኛው 90 ነው። በሁለተኛው 80 ልጆች ተፈትነው 56ቱ አለፉ፤ መቶኛው 70 ነው። በሪፖርት የመጀመሪያው ይመሰገናል። ነገር ግን ከ100 ልጆች ለፍሬ ያበቃው 36 ሲሆን ሁለተኛው 56 አብቅቷል። የማለፊያ መቶኛ ከመጠነ ማቋረጥና ከመጠነ መድገም ጋር አብሮ መታየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ንባብ፦ የመሠረቱ መለኪያ

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች ንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በተነደፈው የንባብ ማሻሻያ መርሐ ግብር ከተካተቱት ሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነው። ለወላይታ ሕዝብ የመማሪያ ቋንቋ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው የመጽሐፍ ዝግጅት ላይ የተነሣው ተቃውሞ ይመሰክራል።

በታች ክፍሎች ያልተጣለ መሠረት በላይኛው ክፍል ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለረጅም ዓመታት በነበረው አሠራር ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በተከታታይ ምዘና ይዛወሩ ስለነበር የማንበብ ጉድለት በሰርተፍኬት ላይ ሳይታይ ይቆይ ነበር። ወላጅ ልጁን በቤቱ አንድ ገጽ አስነብቦ ትርጉሙን ቢጠይቅ ከማንኛውም ሪፖርት ቀድሞ እውነቱን ያውቃል። ራሱ ማንበብ የማይችል ወላጅ ደግሞ ታላቅ ወንድምን ወይም እኅትን አድማጭ ማድረግ ይችላል።

ወላጆች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ወይም በቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ስብሰባ ላይ የሚከተሉትን ማንሳት ይጠቅማል፦

• ባለፈው ኢንስፔክሽን በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ለየብቻ ስንት አገኘን?
• በመስከረም ከተመዘገቡት ስንቱ እስከ ሰኔ ቆዩ? ከቀሩት ሴቶች ስንት ናቸው?
• በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይማራል? የአንደኛ ደረጃ መለኪያው 50 ነው።
• አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ ይደርሳል?
• አካል ጉዳተኛ ልጆች ተመዝግበዋል? ምን ድጋፍ ያገኛሉ?
• ውጤቱ ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ተሻሻለ ወይስ ቀነሰ?

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ጥያቄ ከፍተኛ ሚዛን አለው። ትምህርት ቤትን ከጎረቤቱ ይልቅ ከራሱ አምና ጋር ማነጻጸር ለመምህራኑም ለማኅበረሰቡም ፍትሐዊ ነው። ደረጃ 1 የተባለ ትምህርት ቤት የሚያቋርጡ ልጆችን ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ከሄደ በርትቶ እየሠራ ነው፤ ደረጃ 3 የተባለውም ልጆች እየጎደሉበት ከሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። ጠያቂው ደግሞ ልጁን በየማለዳው ወደዚያ የሚሸኘው ወላጅ ነው።