ፕሪንትኤፍ «ሀይሌ ጋርመንት»ን ሲቆጥር

እስቲ ይህን ሞክሩ። በደቡብ አዲስ አበባ የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ የሚጠሩትን «ሀይሌ ጋርመንት» የሚለውን ስም፣ በሲ ቋንቋ ፕሪንትኤፍ እንዲያትምላችሁ እዘዙት። ፕሪንትኤፍ ጽሑፉን ስክሪን ላይ ካወጣ በኋላ አንድ ቁጥር ይመልሳል፤ አብዛኛው ሰው ዞር ብሎም አያየው። እናንተ ግን ያዙት። ፊደሎቹ ስምንት፣ ክፍት ቦታው አንድ፣ በጣት ሲቆጠር 9 ነው። ኮምፒውተራችሁ እንደ ዛሬዎቹ አብዛኞቹ በዩቲኤፍ-8 የሚሠራ ከሆነ ግን የሚመጣው 25 ነው! «ሀ»ን በ«ኃ» ብትቀይሩትም ያው 25።

ይህ ቁጥር ታሪክ አለው። ዴኒስ ሪቺ ሲን በአሜሪካው ቤል ላብስ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ፣ አንድ ፊደል ማለት አንድ ባይት ነበር። ለእንግሊዝኛ በቂ ነው። ደግሞ ፕሪንትኤፍ ያኔ ቆጣሪም አልነበረም፦ በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ላይ ስህተት ካልገጠመው የሚመልሰው ዜሮ ነበር። «የታተመውን ብዛት መልስ፣ ካልተሳካ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር መልስ» የሚለው ደንብ የጸናው በ1989 የአሜሪካ የሲ ስታንዳርድ ሲወጣ ነው። ብዛቱ የሚለካው ግን በዚያው በአንድ ባይት ፊደል ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ የሪቺ ባልደረባ ኬን ቶምሰን ከሮብ ፓይክ ጋር ኒው ጀርዚ ውስጥ እራት ቤት ቁጭ ብለው ዩቲኤፍ-8ን ነደፉ። የእንግሊዝኛ ፊደላት በአንድ ባይት ቀሩ፤ ከ2047 በላይ ቁጥር የተሰጠው ፊደል ግን ቢያንስ ሦስት ባይት ይወስዳል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ «ሀ» የደረሳት ቁጥር 4608 ነው። እንግዲህ ስምንት ፊደል በሦስት ባይት 24፣ ክፍት ቦታው አንድ፤ 25። (የፊደሉን ብዛት ከፈለጋችሁ ከ128 እስከ 191 ያሉትን ባይቶች ዝለሉና የቀሩትን ቁጠሩ፤ 9 ይመጣል።)

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ስካንኤፍ ላይ ይብሳል። ስካንኤፍ የሚመልሰው ባይትም ፊደልም ሳይሆን፣ ስንት ነገር አንብቦ እንዳስቀመጠ ነው። በተራው የጽሑፍ ትእዛዝ «ሀይሌ ጋርመንት»ን ስትሰጡት ክፍት ቦታው ላይ ይቆማል፤ «ሀይሌ»ን ይዞ «1» ይላል፣ «ጋርመንት» ቀጣዩን አንባቢ እየጠበቀ ደጅ ይቀራል። ይህስ ደህና ነው። አንድ ፕሮግራመር «ስም ከስምንት ፊደል አይበልጥም» ብሎ ልኩን 8 ቢያደርገውስ? «ሀይሌ» 9 ባይት ነው። «ሌ» ከመሐሏ ትቆረጣለች፦ ሁለቱ ባይቶቿ ገብተው ሦስተኛው ውጭ ይቀራል፤ ሰውየው ስሙን ሲያይ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያገኛል። ስካንኤፍ ያኔም የሚመልሰው 1 ነው፤ በእሱ ደንብ አንድ ነገር ተነቧል፣ ሁሉም ተሳክቷል።