የሄደው በቀሩት ይገኛል፤ ስለ ኖርዌይ ስደተኞችና ቤት ስለቀሩት ዘመዶቻቸው

በጁላይ ወር 1825 «ሬስቶራሾን» የተባለች አነስተኛ የሸራ መርከብ 52 ሰዎችን አሳፍራ ስታቫንገር ከተባለው የኖርዌይ ወደብ ተነሣች። ከሦስት ወር በላይ በባሕር ላይ ቆይታ በኦክቶበር 9 ቀን ኒውዮርክ ስትደርስ ግን የተሳፋሪዎቹ ቁጥር 53 ሆኖ ነበር፤ በጉዞው ላይ ሕፃን ተወልዷልና። ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ሰው ጭና በመገኘቷ ብትያዝም፣ ፕሬዚዳንቱ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ቅጣቱን በምሕረት አነሡላት። የታሪክ ጸሐፊዎች የኖርዌይን ሕዝብ የአሜሪካ ስደት መቁጠር የሚጀምሩት ከዚህች መርከብ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ከ800,000 በላይ ሰዎች ተከትለዋታል። በ1801 የአገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላው 883,000 ያህል እንደነበረ ስናስታውስ የስደቱ ስፋት ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ ሙያዬ ምሕንድስና ነው። ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ሚኒሶታ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። አንድ አረጋዊ ጎረቤቱ ከኖርዌይ የመጣውን ቅድመ አያታቸውን ቤተሰብ በስሙ ሲፈልጉ ብዙ ዓመት ደክመዋል። ስሙን የሚጠራ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቢገኝም ዘመድ የሚሆናቸው አንድም አልነበረም። ወንድሜም «አንተ መሬት ቀያሽ ነህና መነሻ ነጥብ ፈልግላቸው» ሲል በቀልድም በቁም ነገርም ጻፈልኝ።

ለመሆኑ ያን ያህል ሕዝብ ስለ ምን ተሰደደ? ዋናው ምክንያት የመሬት ጥበት ነው። ኖርዌይ ተራራና ድንጋይ፣ ደንና ውኃ የበዛባት አገር በመሆኗ ሊታረስ የሚችለው ከጠቅላላው ስፋቷ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሕዝቧ ግን በ1865 ወደ 1,700,000 ደርሶ ነበር። እኛ «ርስት» ከምንለው ጋር የሚቀራረብ «ኦደል» የተባለ ጥንታዊ የመሬት መብት ያላቸው ሲሆን፣ ከዚሁ ጋር በተያያዘው ልማድ የበኩር ልጅ እርሻውን ሳይከፋፈል ሊረከብ ሲችል ታናናሾቹ በገንዘብ ድርሻቸውን ይዘው ሌላ ኑሮ ይፈልጋሉ። ከእነርሱም በታች «ሁስማን» የሚባለው ጭሰኛ ነበር። ይህ ሰው ጎጆና ቁራሽ መሬት ከባለርስቱ ተቀብሎ ዕዳውን በጉልበቱ ይከፍላል። እንግዲህ በ1862 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሰጥ ሲሰማ፣ ለጭሰኛ ልጅ ወሬው ምን ማለት እንደነበረ የእኛ አገር አንባቢ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ስደቱ እጅግ በበረታበት በ1882 ብቻ ከ28,000 በላይ ሰዎች አገሪቱን ለቀዋል።

ፍለጋውን አስቸጋሪ የሚያደርገው የስም ነገር ነው። በዚያ ዘመን በኖርዌይ ገጠር ሰው የሚጠራው እንደ እኛው በአባቱ ስም ነበር። ላርስ የሚባል ሰው ኦሌ የሚባል ወንድ ልጅና ካሪ የምትባል ሴት ልጅ ቢኖሩት፣ ወንዱ ኦሌ ላርሰን፣ ሴቲቱ ካሪ ላርስዳተር ይባላሉ። የኦሌ ወንዶች ልጆች ደግሞ ላርሰን መባላቸው ቀርቶ ኦልሰን ይሆናሉ። በዚህ ላይ የሚኖሩበት እርሻ ስም ይጨመራል። ይኸኛው አድራሻ እንጂ የዘር ስም ስላልሆነ ሰውየው ወደ ሌላ እርሻ ሲዛወር አብሮ ይለወጣል። ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ የታዘዘው በ1923 ነው። አሜሪካ የገባው ስደተኛ ግን በአንድ ስም መርጋት ነበረበት። አንዱ በአባቱ ስም፣ ወንድሙ በእርሻው ስም ሲመዘገብ የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ላይ ባዕድ ሆኑ።

የታወቁ ሰዎችን ብንመለከት ነገሩ ይብራራል። ከ1977 እስከ 1981 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዋልተር ሞንዴል የቤተሰብ ስማቸው የመጣው ሙንዳል ከተባለው የምዕራብ ኖርዌይ እርሻ ሲሆን፣ ቅድመ አያታቸው ከዚያ የተሰደዱት በ1856 ነው። በ1893 የሚኒሶታ አገረ ገዥ፣ ቀጥሎም ሴናተር የሆኑት ክኑት ኔልሰን ደግሞ በ1843 ቮስ በተባለው አውራጃ ተወልደው በ1849 ከእናታቸው ጋር ባሕር ተሻገሩ። ኔልሰን የተባሉት እናታቸው በአሜሪካ ያገቡት የእንጀራ አባታቸው ኒልስ ስለሚባሉ ነው። የመጀመሪያው ስም ፈላጊውን በቀጥታ ወደ ትውልድ ሥፍራ ሲያደርሰው፣ የሁለተኛው ግን ከናካቴው ከትውልድ መስመር ያስወጣዋል።

በቅየሳ ሙያ ከሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ተነሥቶ የሚለካ የለም። በዚህም ፍለጋ ስም የሚንቀሳቀስ፣ ሥፍራ ግን የቆመ ነገር ነው። የኖርዌይ እርሻዎች በ1838ና በ1886 በወጡት የመሬት መዝገቦች ቁጥር ስለተሰጣቸው፣ ባለቤቱ ማንም ቢሆን ምን እርሻው ይታወቃል። ስለዚህ ለወንድሜ የመለስኩለት «ስሙን ተዉትና እርሻውን ፈልጉ» ብዬ ነው። ኖርዌጃውያን በአሜሪካ ያቋቋሟቸው የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በጥምቀት፣ በጋብቻና በቀብር መዝገቦቻቸው ላይ የትውልድ ሥፍራን ብዙ ጊዜ ይጽፉ ነበርና አረጋዊው የእርሻውን ስም ያገኙት እዚያው ሚኒሶታ፣ በሰፈራቸው አቅራቢያ ባለች ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የኖርዌይን መዛግብት ማገላበጥ ነው። የደብሩ ቄስ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ብቻ ሳይሆን ከአጥቢያው የወጣውንም ይመዘግባል። ከ1812 ጀምሮም ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ እንዲያዝና ሁለቱ መዛግብት በአንድ ጣራ ሥር እንዳያድሩ ታዝዞ ነበር፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ነው። ይህን ጥንቃቄ መሐንዲስ ሁሉ ያደንቀዋል። የሕዝብ ቆጠራው ግን ክፍተት አለው። የ1801 ቆጠራ እያንዳንዱን ሰው በስም ሲጽፍ፣ ከዚያ እስከ 1865 የተደረጉት ቆጠራዎች በአብዛኛው የሰውን ብዛት እንጂ ስምን አይዙም። በ1850 የተሰደደ ሰው በሁለቱ መካከል ይጠፋል ማለት ነው። ዛሬ እነዚህ መዛግብት አብዛኞቹ በኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አማካይነት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

የአረጋዊው ቅድመ አያት ደግነቱ የወጡት በ1866 ነበር። በ1865 ቆጠራ ላይ ገና ያላገቡ ወጣት ሆነው ከአባታቸው፣ ከእናታቸውና ከአንዲት እኅታቸው ጋር ተጽፈው ተገኙ። ያ ቆጠራ ከብቱንና የተዘራውን እህል ጭምር ይቆጥራልና የቤቱ ሀብት ሁለት ላምና ጥቂት በግ መሆኑ ታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት የደብሩ መዝገብ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ወደ አሜሪካ»።

ብዙ ፈላጊዎች እዚህ ሲደርሱ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ገና እኩሌታው ነው። በ1875 ቆጠራ ላይ አባት የሉም፤ እናት መበለት ሆነዋል። ከእርሳቸው ጋር ያለችው ያቺው እኅት ናት፤ ላሟም አንድ ሆናለች። በኖርዌይ ልማድ ያረጁ ወላጆች እርሻውን ለአንዱ ልጅ ሲያስረክቡ በዓመት የሚሰፈርላቸው እህል፣ ወተቱና ማገዶው ሳይቀር በውል ተጽፎ ይመዘገባል፤ ይህ «ኮር» ይባላል። ጭሰኛ ግን የሚያስረክበው እርሻ ስለሌለው ውል የለውም፤ የሚጦረው የቀረው ልጅ ነው። እናት ሲሞቱ በተጻፈው የውርስ መዝገብ ወራሾቹ ሲዘረዘሩ ወንድ ልጃቸው «በአሜሪካ ያለ» ተብሎ ተመዝግቧል። የወንድምና የእኅት ነገር ዳግመኛ የተያያዘው በዚህ ወረቀት ነው። አረጋዊው ስለዚህች ሴት አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም ነበር። የእርሷ ስም በ«ዳተር» ስለሚያልቅ በቤተሰባቸው ስም ሲፈልጉ ኖረው ቢሆን ኖሮ ለዘላለም አያገኟትም ነበር።

ይህን ካየሁ በኋላ የራሴን ቤት አሰብኩ። ወንድሜ በአሜሪካ የተመዘገበው የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖለት ነው፤ ልጆቹም በዚያው ይጠራሉ። የእኔ ልጆች የሚጠሩት በእኔ ስም ነው። ከሁለት ትውልድ በኋላ እነዚህ ልጆች በስም ቢፈላለጉ አይገናኙም። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የወላጆቻችንን አጥቢያ፣ ወረዳና ቀበሌ ጽፌ፣ አንዱን ቅጂ ለወንድሜ ላክሁ፤ ሌላውን እዚህ አስቀመጥሁ፤ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር አያድሩም። በወረቀቱ ላይ አስቀድሜ ያሰፈርሁት የእኔንም ሆነ የወንድሜን ስም አይደለም። እናታችንን እየጦረች ቤት የቀረችውን የእኅታችንን ስም ነው።