ከእርፍ ወደ ማንሻ፦ የባለሦስት ነጥብ ማያያዣ ታሪክ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሰቃ በቡናዋ ትታወቅ እንጂ፣ ከቡናው ጥላ ወጣ ሲሉ የሚያገኙት መሬት የበቆሎና የጤፍ ማሳ ነው። የቡና ሥር ከላይኛው አፈር ብዙ ስለማይርቅ ቡናው ውስጥ ማረሻ አይገባም፤ በበቆሎው ማሳ ግን በሬ ይጠመዳል። ተዳፋቱ ቀይ አፈር፣ ረባዳው ጥቁርና ተጣባቂ በሆነበት አገር አንድ ትልም ሁለቱን አፈሮች ሊያቋርጥ ይችላል። ገበሬው ይህን ልዩነት የሚያውቀው በእጁ ነው። ማረሻው ከሥር ወይም ከድንጋይ ጋር ሲገናኝ እርፉ ይነግረዋል፤ እርሱም እጁን ያላላል፣ ማረሻውን ቀና ያደርጋል፣ በሬዎቹም ሳይቆሙ ያልፋሉ። አፈሩ ሲላላ መልሶ ይጫናል።

ትራክተር የበሬን ጉልበት ሲተካ ይህን እጅ ግን አልተካም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የእርሻ ትራክተሮች ማረሻውን እንደ ጋሪ ከኋላቸው ይጎትቱት ነበር። ማረሻው ከማይነቃነቅ ድንጋይ ጋር ሲጋጠም የኋላ ጎማዎች መዞራቸውን አይተዉም፤ የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣና ጠቅላላው ክብደት በነጂው ላይ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1917 ማምረት የተጀመረው ፎርድሰን በዚህ አደጋ ክፉኛ ይታማ ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኘው ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1884 በሰሜን አየርላንድ ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደ መካኒክ ነው። (ከእርሻው አስቀድሞ ያስጨነቀው በረራ ሲሆን፣ በ1909 መጨረሻ ቀን ራሱ በሠራው አውሮፕላን በአየርላንድ ምድር በረረ።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአየርላንድን ትራክተሮች አሠራር እንዲያሻሽል ታዘዘ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረሰበት ሐሳብ ማረሻውንና ትራክተሩን አንድ አካል ማድረግ ነበር፤ መሠረታዊውን የባለቤትነት መብት ያመለከተው በ1925 ነው።

ሦስቱ ነጥቦች ሁለት የታች ክንዶችና አንድ የላይ ክንድ ናቸው። የታችኞቹ ይጎትታሉ፣ ያነሣሉም። የላይኛው ሥራ ግን ሌላ ነው። ማረሻው በአፈር ሲያዝ አናቱ ወደ ፊት ለመዘንበል ስለሚፈልግ የላይኛውን ክንድ ወደ ትራክተሩ ይገፋዋል። ፈርጉሰን ይህን ግፊት የሚቀበል ጠንካራ ሞላ አኖረ። ሞላው ሲጨመቅ የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ያንቀሳቅሳል፤ ዘይቱም የታች ክንዶቹን ጥቂት ከፍ ያደርጋቸዋል። ጭነቱ ሲቀል ሞላው ይመለሳል፣ ማረሻውም ይወርዳል። እርፉን ይዞ የነበረው የገበሬ እጅ በሞላና በቫልቭ ተተካ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የማረሻው ክብደትና የአፈሩ ጫና በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ፣ አንድ ቶን ያህል ብቻ የሚመዝን ትራክተር ሳይንሸራተት ለማረስ በቃ፤ የላይኛው ክንድ ግፊትም አፍንጫው እንዳይነሣ ይከላከላል።

እ.ኤ.አ. በ1938 ፈርጉሰን ሥራውን ለሄንሪ ፎርድ አሳየ። ሁለቱ ያለ ጽሑፍ ውል በመጨባበጥ ብቻ ተስማሙ፤ በ1939 ፎርድ-ፈርጉሰን 9ኤን ለገበያ ወጣ። የፎርድ የልጅ ልጅ በ1947 ስምምነቱን አፍርሶ የራሱን 8ኤን ሲያወጣ ፈርጉሰን ከሰሰ፤ ክርክሩም በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር በእርቅ አለቀ። መጨባበጥ ለገበሬዎች እንጂ ለፋብሪካዎች የሚበቃ ውል እንዳልሆነ ሁለቱም ዘግይተው ተረዱት።

በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ጅማ ላይ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታና በኦክላሆማ ኮሌጅ መምህራን ነበር። ወደ አለማያ የተዛወረው የእርሻና የሜካኒክ ጥበብ ኮሌጅም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው ጅማ ላይ ነው። እርሻና መካኒክነት በአንድ ስም መጠራታቸው የዘመኑን እምነት ያሳያል።

ትራክተር በብዛት የገባው ግን ከጅማ ይልቅ ሜዳማው አርሲ ውስጥ ነው። ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቀሉ። ለአየርላንድ ትንሽ ገበሬ ታስቦ የተሠራው መሣሪያ እዚህ ትንሹን ገበሬ አፈናቀለ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ትልልቆቹ ትራክተሮችም ወደ መንግሥት እርሻዎች ዞሩ። ሰቃን በመሰሉ ቦታዎች፣ ማሳው ጠባብና ተዳፋት በሆነበት፣ ጥያቄው ዛሬም የትንሽ ትራክተር ጥያቄ ነው።

ትንሹን ትራክተር የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሁለት የተለያዩ መቆጣጠሪያዎች መኖራቸውን ነው። የጉተታ መቆጣጠሪያ የመጎተቱን ጭነት እኩል ለማድረግ ማረሻውን ያነሣል፣ ያወርዳል። የከፍታ መቆጣጠሪያ በ8ኤንና በኋላም በፈርጉሰን 35 ላይ የተጨመረ ሲሆን፣ አፈሩ ምንም ይሁን ምን ክንዶቹን በተቀመጡበት ከፍታ ያቆያቸዋል፤ የሚጠቅመውም ለመርጫና ለመሬት መደልደያ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው። በከፍታ መቆጣጠሪያ የሚታረስ ወጣ ገባ ማሳ የፊት ጎማው ጉብታ በወጣ ቁጥር ከመጠን በላይ ይቆፈራል፣ ወደ ጎድጓዳ በወረደ ቁጥር ደግሞ ተቧጥጦ ይቀራል። ከዚህም በላይ ብዙ ትንንሽ ትራክተሮች የጉተታ መቆጣጠሪያ ጨርሶ የላቸውም፤ ለእነዚህ ለማረሻው የጥልቀት ጎማ ማበጀት ይገባል፤ ያለዚያ ነጂው እንደ በሬ አራሽ እጁን ከማንሻው ሳይለይ መዋል አለበት።

ማስተካከሉ የሚጀምረው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማረሻው መሬት ላይ አርፎ ነው። የላይኛው ክንድ ሲያጥር የማረሻው አፍ ወደ ታች ይደፋና ይጠልቃል፤ ሲረዝም ጀርባው ያርፋል። አንዱ ጎማ በትልም ውስጥ ስለሚሄድ በቀኙ ማንሻ ክንድ ያለውን ማስተካከያ አዙሮ ማረሻውን ከመሬቱ ጋር እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። የጎን ሰንሰለቶቹም ይታያሉ።

ስለ አደጋው ደግሞ አንድ ቃል አይበዛም፦ ከቡናው ዳር ያለ ጉቶ ለመንቀል ሰንሰለት በላይኛው ክንድ መያዣ ላይ ማሰር የፎርድሰንን አደጋ መልሶ መጥራት ነው። ጭነት የሚጎተተው ከኋላ አክስል በታች ካለው መጎተቻ ብቻ ነው።

የጉተታ መቆጣጠሪያ ያለው ነጂ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትልሞች በቀዩ አፈር ላይ ካወጣ በኋላ ጥልቀቱን ለክቶ ማንሻው የቆመበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ማረሻው ወደ ጥቁሩ ሲገባ ከባድ ስለሚሆን መሣሪያው በራሱ ያነሣዋል፤ ትልሙም ሳያውቁት ይሳሳል። ስለዚህ ረባዳው ጋ ሲደርስ ማንሻውን ጥቂት ዝቅ፣ ወደ ቀዩ ሲመለስ እንደገና ወደ ጠመኔው ያደርገዋል።